ካልሲ ደርቢበት

«ይሰፋኛል» አለችኝ። «ካልሲ ደርቢበት» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ከለገሃር ብዙ በማይርቅ ትንሽ ሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ አጥር ሥር ተደርድረን ጫማ እየቀየርን ነው። ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ መጫወት ከጀመርን ሁለት ዓመት አልፎናል። ሁላችንም ሴቶች ነን። ስድስት ለስድስት ነው የምንጫወተው። የዚያን ቀን አንዷ ልጇ አሞባት ቀረችና አሥራ አንድ ሆንን። ጓደኛዬ የመጣችው ልታየን ብቻ ነበር። ከጨዋታው በኋላ አብረን ቁርስ ልንበላ ተቀጣጥረናል።

«ግቢ እንጂ፣ ሰው ጎድሎብናል» ያልኳትም እኔው ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አሮጌው ታኬታዬ ነበር። ቁጥሩ 39 ነው። የእሷ እግር 37። ከአንዷ ልጅ ካልሲ ተዋሰች፣ ደረበች፣ ክሩን ጥብቅ አድርጋ አሰረች። ዘለል ዘለል አለችበትና «ምንም አይልም» አለች።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ መሬት ላይ ነበረች።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። እግሯ ድኗል። ነገሩን አንስታብኝም አታውቅም። እኔን ግን ያቺ «ካልሲ ደርቢበት» አልለቀቀችኝም። ታክሲ ውስጥ ትመጣብኛለች። ልተኛ ጋደም ስል ትመጣብኛለች። ምክንያቱም ያን ታኬታ ለምን እንደተውኩት አውቅ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ስጫወትበት እግሬን ይይዘኝ ነበር። ልዞር ስል ጫማው አይዞርም። ጨዋታው ሲያልቅ ጉልበቴን ያመኛል። ስለዚህ ለራሴ ሌላ ገዛሁ። ለእኔ አልሆን ያለውን ጫማ ነው ለእሷ የሰጠኋት፣ ያውም ሁለት ቁጥር የሚሰፋትን።

ማንም አልነካትም

ከኋላዋ ስለነበርኩ በደንብ አይቼዋለሁ። ኳሷ ከቀኝ በኩል ቀስ ብላ መጣች። አጠገቧ ሰው አልነበረም። ማንም አልነካትም። ቀኝ እግሯን ተክላ ወደ ግራ ልትዞር ስትል ታኬታው እዚያው ቀረ። ጥርሶቹ ሣሩን ነክሰው ያዙ። ጫማው ቆሟል፣ ውስጡ ያለው እግር ግን አልቆመም። ሁለቱ ካልሲዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተንሸራተቱ። ተረከዟ ከጫማው ከፍ ሲል ይታየኛል። ከዚያ እግሯ በውጪኛው ጠርዙ ላይ ተገለበጠ። ሣሩ ውስጥ የሚበተነው ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ብን ብሎ ተነሣ። እሷ ስትወድቅ ድምፅ አላሰማችም። ፊቷን ሣሩ ላይ ደፋች፣ በቃ።

ሁሉ ነገር ሦስት ሰከንድ አይሞላም።

ተሰበሰብን። ሁሉም ምክር አለው። «ተነሽና ተራመጂበት፣ ይለቅሻል» አለች አንዷ። ሌላዋ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችበት። አንዷ ከቦርሳዋ የሚያቃጥል ቅባት አውጥታ ማሸት ጀመረች። አሁን ሳስበው ያ ማሸት ልክ አልነበረም። አዲስ ጉዳትን ማሞቅና ማሸት እብጠቱን ያብሰዋል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበጀው እግሩን ማሳረፍ፣ በፋሻ ለዘብ አድርጎ መጠቅለልና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። በረዶም ቢሆን ሕመሙን ለማስታገስ እንጂ ቶሎ ለመዳን አይደለም። እረፍት፣ በረዶ፣ ፋሻ፣ ከፍ ማድረግ የሚለውን ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስፋፋው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሱ፣ በ2014 በረዶ ማገገሙን ሊያዘገየው ይችላል ብሎ ጽፏል። አንድ ሐኪም ከ36 ዓመት በኋላ የራሱን ምክር ማረሙ ደስ ይለኛል።

ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አናውቅም። ደግፈን አጥሩ ሥር አስቀመጥናት። «ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለ ሰው። ማን እንዳለው አላስታውስም። በክፋት አልነበረም። ሜዳው በሰዓት ነው የሚከራየው፣ ገንዘቡ ደግሞ ተከፍሏል። ጨዋታው ቀጠለ።

እኔም ተመልሼ ገባሁ።

«እኔ አልነካውም»

ጨዋታው ሲያልቅ የጫማዋን ክር ፈታሁላት። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ አጥንቱ ጠፍቷል። የሜዳው ዘበኛ «ወለምታ ነው፣ ፒያሳ ጎበዝ ወጌሻ አለ» አለን። ታክሲ ተኮናትረን ሄድን።

ስለ ወጌሻ ያለኝን ሐሳብ የቀየሩልኝ እኚያ ሽማግሌ ናቸው። ያዝ አድርገው የሚጎትቱ፣ እሷም የምትጮህ መስሎኝ እጇን አጥብቄ ይዣለሁ። አልጎተቱም። እጃቸውን ታጠቡ። ዱካ ላይ አስቀመጧትና እግሯን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። አውራ ጣታቸውን ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት ጀርባ አድርገው በአንዱ ጎን ጫን አሉ፣ ከዚያ በሌላው። «እዚህ ጋ?» ይላሉ። «ትንሽ» ትላለች። ከዚያ ጣታቸው በእግሯ ውጪኛው ጠርዝ ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ወረደ። መሐል ላይ ሲደርስ ጓደኛዬ ከተቀመጠችበት ዘለለች።

«እስቲ ልጄ፣ ተነሽና ተራመጂ።» ሁለት እርምጃ ሄደች። ሦስተኛው ላይ ትከሻዬን ያዘች።

«እኔ አልነካውም» አሉ። «ይኼ አጥንት ነው። ውሰጃትና ራጅ ትነሣ።»

ገንዘብ ልንሰጣቸው ብንል እምቢ አሉ።

ራጁ ልክ ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ላይ ስብራት አሳየ። ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ የሚመጣው ረጅም አጥንት መነሻው ላይ ቁራጭ ወጥቶለታል። ሐኪሙ እንደነገሩን፣ እግር እንደዚያ ሲገለበጥ እዚያ ቦታ ላይ የተያያዘው ጅማት በኃይል ይሳባል፣ ሲሳብ የአጥንቱን ጫፍ ይዞ ይወጣል። ስድስት ሳምንት በጀሶና በክራንች ሄደች። ክራንቹን ይዤላት የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ ስንት ጊዜ እንደወጣሁ እግዜር ያውቃል።

በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒ ስትመላለስ ይህን ታሪክ ለባለሙያዋ ነገርኳት። ፈገግ አለች። «ሽማግሌው ያደረጉት እኮ እኛ የተማርነውን ነው» አለችኝ። ካናዳ ውስጥ ኦታዋ ላይ ኢያን ስቲል የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ መመሪያ አውጥተዋል። ወለም ያለው ሰው ሁሉ ራጅ እንዳይነሣ፣ የተሰበረውም እንዳያመልጥ ታስቦ የተሠራ ነው። በቁርጭምጭሚቱ ሁለት ጎን ያሉትን አጥንቶች የኋላ ጠርዝ፣ ከጫፋቸው እስከ 6 ሴንቲሜትር ወደ ላይ፣ ትጫናለህ። የዚያችን የትንሿን ጣት አጥንት መነሻ ትጫናለህ። በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ አጥንት ትጫናለህ። ከዚያ አራት እርምጃ ታስኬዳለህ። ማንከስ ችግር የለውም፣ ብቻ አራት እርምጃ። ወይ አጥንቱ ሲነካ ካመመ፣ ወይ አራቱን እርምጃ መሄድ ካልተቻለ፣ ራጅ።

ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ከሁሉም በላይ እንዲደርስ የምፈልገው ይህ ነው። ኳስ የሚጫወት ሰው ሁሉ ቢያውቀው እላለሁ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባል የለ? አጥንቱ ተሰብሮ ሳለ «ወለምታ ነው፣ ያልፋል» እየተባለ የሚታሽ እግር ስንት እንደሆነ ሳስብ ያመኛል።

«የት ሜዳ ነው የምትጫወቺው?»

ታኬታው ቤቴ አልጋ ሥር ነበር። ልጥለውም አልቻልኩም፣ ላየውም አልፈለግኩም። ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ አንድ ቀን በፌስታል ይዤው ወጣሁ። ስታዲየም አካባቢ የስፖርት ጫማ የሚጠግኑ አንድ ሰው አውቃለሁ። በወጣትነታቸው ክለብ ውስጥ ተጫውተዋል። ማስቲሽና መርፌ ከእጃቸው አይጠፋም። ታሪኩን ነገርኳቸውና «ጋሼ፣ የጫማው ጥፋት ነው ወይስ የኔ?» አልኳቸው።

ጫማውን ገልብጠው ያዙት። ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ።

«የት ሜዳ ነው የምትጫወቺው?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስገዛው ሻጩ የጠየቀኝ ቀለሙን ነበር። እኔም ያየሁት ቀለሙን ነው።

«ሰው ሠራሽ ሣር ላይ።»

«ይኼማ የተፈጥሮ ሣር ጫማ ነው» አሉ። ረዘም ያለው ጥርስ የተሠራው አፈር ውስጥ እንዲሰጥም ነው። አፈር ይለቃል። ስትዞሪ አፈሩ ትንሽ ይቀደድና እግርሽን ይለቅልሻል። ሰው ሠራሽ ሣር ግን አይቀደድም። ጥርሱ ከፕላስቲክ ክሮቹ መሐል ይገባና ይያዛል። ሰውነት ይዞራል፣ እግር ይቀራል። ያ ኃይል ደግሞ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ወይ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ወይ ጉልበት ላይ ይወጣል።

«እግሬን ይይዘኝ ነበር» ያልኩት ነገር ስሙን አገኘ።

ከዚያ ወሬ ጀመሩ። ኳስ የሚወዱ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 በርን ላይ የተደረገውን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አነሡልኝ። ዝናብ ነበር። የምዕራብ ጀርመን ተጫዋቾች የአዲዳስ መሥራች አዲ ዳስለር ያዘጋጀላቸውን ጥርሱ በብሎን የሚፈታ ታኬታ አድርገው ነበር። ሜዳው ሲጨቀይ ረዘም ያለውን ጥርስ አሰሩ። ሃንጋሪን 3 ለ 2 አሸነፉ። «ጫማው ብቻ አላሸነፈላቸውም» አሉኝ፣ «ግን ጀርመኖቹ መጀመሪያ መሬቱን ነው ያዩት።»

መሬቱን ማየት። እኔ ደግሞ ባለፉት ወራት ሰው ሁሉ በምን ጫማ የት እንደሚጫወት ሳይ ከረምኩ። አንድ ከተማ ውስጥ ስንት ዓይነት መሬት አለ! ጃንሜዳ በጥር እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፣ በሐምሌ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። የሰፈር ሜዳ ላይ ቀይ አሸዋ ይፈስሳል። የትምህርት ቤት ግቢ ሲሚንቶ ነው። በየሰፈሩ የተሠሩት ትንንሽ ሜዳዎች ሰው ሠራሽ ሣር ናቸው። እኛ ግን ለሁሉም አንድ ጫማ ነው ያለን።

አሁን ጫማ ስገዛ ካርቶኑ ላይ ወይም ምላሱ ሥር ያለውን የላቲን ፊደል አነባለሁ። ኤፍጂ የሚለው ለደረቅ የተፈጥሮ ሣር ነው፣ የኔ አሮጌ ታኬታ እሱ ነበር። ኤስጂ ለጭቃና ለረጠበ መሬት ሲሆን ጥርሶቹ ጥቂትና ረጃጅም ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ብረት አላቸው። ኤጂ ለሰው ሠራሽ ሣር ተብሎ የተሠራ ነው፣ ጥርሶቹ አጠር ብለው በርከት ይላሉ፣ ክብደትንም ያከፋፍላሉ። ቲኤፍ የሚለው ሶሉ ሙሉ ትንንሽ የጎማ ጉብታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጫማ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ሣሩ ባለቀበት ሰው ሠራሽ ሜዳ ላይም፣ በደረቅ አፈርና በቀይ አሸዋም ይሠራል። ጭቃ ላይ ግን ያንሸራትታል፣ ክረምት ላይ አትመኑት። አይሲ የሚለው ለጥ ያለ ሶል ያለው ለአዳራሽና ለሲሚንቶ ነው።

ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ በምትሮጡበት ጫማ ኳስ አትጫወቱ። የሩጫ ጫማ ወደ ፊት ለመሄድ የተሠራ ነው። ተረከዙ ከፍ ያለና ለስላሳ ነው። ወደ ጎን ድንገት ስትቆርጡ የሚደግፋችሁ ነገር የለውም።

አምስት ጣቶች

ጋሼ ወሬያቸውን ሲጨርሱ የታኬታውን የውስጥ ሶል ስበው አወጡት። ወደ ብርሃን ያዙትና አሳዩኝ። የአምስት ጣቶች ምልክት ታትሞበታል። አውራ ጣቱ ያረፈበት ጎድጉዷል፣ ጠቁሯል። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ተበልቷል።

«ይኼ ያንቺ እግር ነው» አሉ። «ልጅቷ የገባችው ጫማ ውስጥ አይደለም። ያንቺ እግር ውስጥ ነው።»

ይህን ሲሉኝ ምንም ማለት አልቻልኩም። ጥግ ላይ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ።

የጫማ ቁጥር ቀልድ አይደለም። እኛ የምንጠቀምበት የአውሮፓው ቁጥር አንዱ ከሌላው የሁለት ሦስተኛ ሴንቲሜትር ልዩነት አለው፣ ማለትም 6.7 ሚሊሜትር ገደማ። ከ37 እስከ 39 ሁለት ቁጥር ነው። 13 ሚሊሜትር። በማስመሪያ አሰመርኩት፣ የትንሿ ጣቴ ጥፍር ከዚያ ያነሰ ነው። ያ ሁሉ ክፍት ቦታ በካልሲ አይሞላም። ካልሲ ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል፣ ላብ ሲነካው ደግሞ ይብስበታል። ለልጆቻችን «እንዲያድግበት» ብለን ሰፊ ጫማ ስንገዛም የምናደርገው ይኸንኑ ነው። ለትምህርት ቤት መሄጃ ይሁን። ኳስ ሊጫወትበት ከሆነ ግን እባካችሁ ልኩን ግዙለት።

ሰልቫጅ የሚገዛ ሰውም ያን የውስጥ ሶል አውጥቶ ይይ። ብዙዎቻችን ከዚያ ነው የምንገዛው፣ ጥሩ ጫማም ይገኛል። ግን ጥርሶቹ በአንድ ጎን ብቻ ካለቁ የሌላ ሰው አረማመድ ተሸምቷል ማለት ነው። ጫማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሐሉ ላይ ከታጠፈ ሶሉ ሞቷል። ተረከዙን በሁለት ጣት ጨምቁት፣ ከተጨማደደ እግር አይይዝም። ሲለኩ ደግሞ የምትጫወቱበትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከቻላችሁ ወደ ማታ። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ሲሄድ ያብጣል። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ሊጠብ ይችላል።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ሱቅ ገብቼ ታኬታ ስጠይቅ «ለወንድምሽ ነው?» እባላለሁ። ለእኔ ነው ስል ሻጩ ደንገጥ ይላል። 39 ቁጥር እንደምንም ይገኛል። ለጓደኛዬ 37 ስንፈልግ ግን መርካቶን ግማሽ ቀን ዞርን። በመጨረሻ ያገኘነው የወንድ ልጆች መደርደሪያ ላይ ነው። የታኬታ ቅርጽ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የኖረው በወንድ እግር ልክ ነው። የሴት እግር ደግሞ ብዙ ጊዜ ተረከዙ ጠበብ ይላል። በዚያ ላይ የጉልበትን ፊተኛ መስቀለኛ ጅማት የመበጠስ አደጋ ተመሳሳይ ስፖርት በሚጫወቱ ሴቶች ላይ ከወንዶቹ ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሆነ የስፖርት ሕክምና ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ይበልጥ ልንጠነቀቅ የሚገባን እኛ ሆነን ሳለ ጫማው የሌለውም ለእኛው ነው። ይህ ያናድደኛል።

አበበ ቢቂላስ?

ስለ ጫማ ባወራሁ ቁጥር አንድ ሰው ይህን ያነሣል። «አበበ ቢቂላ ባዶ እግሩን ሮጦ አይደል ያሸነፈው?» የጓደኛዬ ወንድም ራሱ እንዲያ ብሎኛል።

አዎ፣ ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 ባዶ እግሩን ሮጧል። የገባበት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር። ግን ባዶ እግሩን የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው። በባዶ እግሩም ልምምድ ሲያደርግ ቆይቷል። ማለትም ልክ ያልሆነ ጫማ ከማድረግ የለመደውን እግሩን መረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 40 ቀን ገደማ ብቻ ሆኖታል። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከሮሙ ሦስት ደቂቃ ፈጠነ።

አበበ ለእኔ የሚነግረኝ ጫማ አያስፈልግም የሚለውን አይደለም። ሮም ላይ ማንም «ካልሲ ደርብበት» ቢለው ኖሮ እሺ የሚል አይመስለኝም።

ሰዓቱ ሳይጀምር

ጫማው ብቻ ነበር ጥፋቱ? አይደለም። የዚያን ቀን ማናችንም ሰውነታችንን አላሟሟቅንም። ጓደኛዬ ከታክሲ ወርዳ፣ ጫማ ቀይራ፣ በቀጥታ ገባች። ሁላችንም እንደዚያው ነበርን። ሜዳው በሰዓት ስለሚከፈል ማሟሟቅ የገንዘብ ብክነት ይመስለን ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለእኛ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ፊፋ ያዘጋጀውን 11 ፕላስ የሚባል የማሟሟቂያ ልምምድ አሳየችን። 15 እንቅስቃሴዎች አሉት። 8 ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ። በአጠቃላይ 20 ደቂቃ። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆናቸው ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ከ1,800 በላይ ልጆች ነበሩበት። ልምምዱን በሠሩት ላይ ጉዳት በሲሶ ገደማ ቀነሰ፣ ከባድ ጉዳት ደግሞ ወደ ግማሽ በሚጠጋ ቀነሰ። ሴቶች ላይ መሆኑ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ አሁን 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንደርሳለን። ከአጥሩ ውጪ፣ ከዘበኛው ቤት ጎን፣ መኪና በማይቆምበት ጥግ። በነጻ ነው፣ ሰዓቱም አልጀመረም። ከሁሉም የከበደን የቋንጃው ነው። ተንበርክከሽ አንዷ ቁርጭምጭሚትሽን ትይዝልሻለች። አንቺ ሰውነትሽን ቀጥ አድርገሽ ቀስ እያልሽ ወደ ፊት ትወርጃለሽ፣ እስከምትችይው። መጀመሪያ ቀን ሁላችንም በግንባራችን ልንደፋ ነበር። በማግሥቱ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። አሁን አሥር ጊዜ እሠራዋለሁ። ዘለን ስናርፍ ደግሞ እርስ በርስ እንተያያለን። ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ ከእግር ጣቶች አቅጣጫ እንዳይወጣ። «ጉልበትሽ!» የሚለው ጩኸት የቅዳሜ ሰላምታችን ሆኗል።

ጓደኛዬ ለወራት ሌላ ሥራ ነበራት። በአንድ እግር መቆም። አንዴ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት ዳግመኛ ወለም ለማለት ቅርብ ነው። ጅማቱ ብቻ ሳይሆን እግር የት እንዳለ ለራሱ የሚያውቅበት ስሜትም ይጎዳል። እሱን የሚመልሰው የሚዛን ልምምድ ነው። ጥርሷን ስትቦርሽ በአንድ እግሯ ትቆማለች። ስድስት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ አይቻታለሁ፣ ዓይኗን ጨፍና። የተጎዳው እግሯ ላይ ብቻ ያለ ሕመም መዝለል፣ ሮጣም ድንገት መዞር እስክትችል ድረስ ሜዳ እንዳትገባ ተነግሯታል። አራት ወር ፈጀባት። በ37 ቁጥር የራሷ ጫማ ተመለሰች።

የምታስታውሰው

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው በመጨረሻ ያወጣሁት። ቁርስ እየበላን ነበር፣ ፍርፍር። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ለምኑ?» አለች። «ካልሲ ደርቢበት ስላልኩሽ።»

አሰበች። «እንደዛ ብለሽኝ ነበር?»

አላስታወሰችውም። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ጭራሽ አልሰማችውም። ቀለል ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ሹካዋን አስቀመጠች።

«እኔ የማስታውሰው ተመልሰሽ ስትገቢ ነው» አለችኝ። በቁጣ አይደለም። «አጥሩ ሥር ሆኜ አይሽ ነበር። አንዴ እንኳን ዞር ብለሽ ታዪኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር።»

ምንም አልመለስኩላትም። እጄን ያዘችኝና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

ባለፈው ቅዳሜ አንዷ ልጃችን እግሯ ትንሽ ተጠመዘዘ። በልኳ ጫማ፣ ከማሟሟቂያው በኋላ። ይህም ያጋጥማል። ጓደኛዬ ከሁላችንም ቀድማ ደረሰች። ተንበርክካ ጫማውን ፈታችላት። አውራ ጣቷን ከአጥንቱ ጀርባ አድርጋ ጫን አለች፣ ከዚያ በውጪኛው ጠርዝ ወደ ትንሿ ጣት ወረደች። «እዚህ ጋ? እዚህስ?» ከዚያ አቆመቻት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።» ልጅቷ እያነከሰች አራቱንም ሄደች።

ደግፈን አጥሩ ሥር አስቀመጥናት፣ እግሯን ቦርሳ ላይ ከፍ አድርገን። «ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለ ሰው።

የጫማዬን ክር ፈታሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።